ሰብዋፈር ከመግዛትህ በፊት ስፒከሩን ከግድግዳው ጋር ግጠመው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከአጎትህ የወረስካቸውን ሁለት የቆዩ የጥግ ሆርን ስፒከሮች (ማዕዘን ላይ የሚቆሙ፣ ድምፁን እንደ ጥሩንባ አጉልተው የሚያወጡ) እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወዳለው አዲሱ ቤትህ ወስደህ ሳሎኑ ሁለት ማዕዘን ላይ አቁመሃቸዋል። የዘፋኙ ድምፅና ሳክስፎኑ ፊትህ ያሉ ያህል ጥርት ብለው ይመጣሉ፣ ባስ ጊታሩና ከበሮው ግን የሉም። «ወፈሩ አርጅቶ ነው ወይስ ሰብዋፈር ልጨምርበት?» ብለሃል፤ ወፈር ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክብ ክፍል ነው፣ ሰብዋፈር ደግሞ ለባስ ብቻ የሚጨመር ሌላ ሳጥን። መልሱን ግን ራስህ መሀል ላይ ጽፈኸዋል፤ «አዲሱን ቀለም እንዳይፍቁብኝ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቄያቸዋለሁ» ትላለህ። ባስህ የጠፋው እዚያ አራት ጣት ውስጥ ነው። ሰብዋፈሩን አትግዛ፣ ወፈሩንም አትፍታ።

የጥግ ሆርን እንደ ሌላው ሳጥን አይደለም። ሌላው የትም ብታቆመው በራሱ ሙሉ ነው። ያንተ ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ቤትህ ነው። ወፈሩ ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ድምፁ በጠባብ ጉሮሮ ይወጣና በታጠፈው መንገድ እየሰፋ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ተከፍሎ በሳጥኑ ጎንና በግድግዳው መካከል ወደ ፊት ይመለሳል። የዚህ የመጨረሻው መንገድ አንዱ ወገን እንጨት ነው፣ ሌላው ወገን ያንተ ልስን ነው። ስፒከሩን ስታርቀው ጥሩንባውን መሀል ላይ ሸንቁረኸዋል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተሠራ ካልክ ቁጥሩን እየው። በድሬ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ይጓዛል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ይሆናል። ሆርን ይህን ድምፅ ሳያደክም እንዲያወጣ የአፉ ዙሪያ ከሞገዱ ርዝመት ጋር መቀራረብ አለበት። ክፍት ሜዳ ላይ የቆመ ክብ ሆርን ቢሆን አፉ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከ70 ሊሆን ነው። ያንን በየትኛው በር ታስገባዋለህ? ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ግን ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ድምፁ የሚዘረጋበትን ቦታ ወደ ስምንተኛ ስለሚያጠቡት፣ 6 ካሬ ሜትር ሊጠጋ የነበረው አፍ 0.7 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተጠቀመበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በአርካንሳስ፣ ሆፕ በምትባል ከተማ ድርጅቱን አቋቁሞ ማምረት ጀመረ፣ ክሊፕሽሆርን የተባለው የጥግ ሆርኑ እስከ ዛሬም ይሠራል። በቅርብ ዓመታት የሚወጡት ጀርባቸው በእንጨት የተዘጋ ስለሆነ ከግድግዳ ፈቀቅ ቢሉም ያን ያህል አይጎዱም። ያንተ በላክኸው ፎቶ ላይ ጀርባው ክፍት ነው፤ ስለዚህ ግድግዳውን የግድ ይፈልጋል።

እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከዚራ ነው የምኖረው፣ ባቡሩ በደመቀበት ዘመን በድንጋይ በተሠራ ቤት። ስፒከሮቼን በ2003 ዓ.ም. ከአንድ አናጺ ጎረቤቴ ጋር ከፕላን ላይ ሠራናቸው፣ በወፍራም ኮምፔንሳቶ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባስ የላቸውም እያልኩ አምፕሊፋየር ቀየርኩ፣ ኢኳላይዘሩን እስከ ጫፍ ከፈትኩ። የወፈሩ ወረቀት መርገብገብ ጨመረ እንጂ ድምፁ አልወፈረም። ይህ ራሱ ምልክት ነበር፤ ከፊቱ ያለው አየር ሲያፈተልክበት ወፈሩ የሚገፋው ነገር ያጣና ዝም ብሎ ይመላለሳል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ልጄ ከስፒከሩ ኋላ የወደቀባትን ነገር ስትፈልግ በስልኳ ከላይ ወደ ጥጉ አበራች። ብርሃኑ በክዳኑና በግድግዳው መካከል ገብቶ በሁለቱም ጎን ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ብርሃን እንዲህ ካለፈ አየር እንዴት እንደሚያልፍ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የቱ እንደሚደፈን የቱ እንደማይደፈን ለይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚደፈነው ሳጥኑ ግድግዳውን መንካት ያለበት ቦታ ሁሉ ነው፦ ከኋላ በኩል ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የጀርባ ሳንቃ ሁለቱ ጠርዞች፣ የባሱ ሳጥን የላይኛው ክዳን በግራና በቀኝ ግድግዳውን የሚገናኝበት ጠርዝ፣ ታችም ከወለሉ ጋር ክፍተት ካለ እሱ። የማይደፈነው በሳጥኑ ሁለት ጎኖችና በግድግዳው መካከል ወደ ፊት የሚከፈተው ሰፊ ቦታ ነው። እሱ የሆርኑ አፍ ነው። አንድ ወዳጄ በቅን ልቦና «ክፍተት ዝጋ» ያልኩትን ሰምቶ አፉን በስፖንጅ ጠቀጠቀው፤ የነበረችውም ባስ ጠፋች። መጋረጃም፣ ሶፋም፣ የተጠቀለለ ምንጣፍም እዚያ አታስጠጋ።

የሚያፈተልክበትን ለማግኘት ማታ መብራቱን አጥፋ፣ የስልክህን ባትሪ በጎን በኩል በአፉ ውስጥ አብራ፣ ከላይና ከኋላ ሆነህ ተመልከት። ቀጥሎ ስልክህ ላይ ቶን የሚያወጣ አፕ ጭነህ 40 እና 50 ኸርዝ በመጠኑ ድምፅ በስፒከሩ አጫውት፣ ዕጣን ለኩስና ጭሱን በጠርዙ አጠገብ ቀስ እያልክ አሳልፈው። ድፍን በሆነበት ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሲያፈተልክ ይርገበገባል። እኛ ቤት ዕጣን መቼም አይጠፋም፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ግድግዳው። አዲስ ቤት ነው ብለህ ማዕዘኑን አትመነው። ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ለክተህ ምልክት አድርግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ ስኳድራ፣ ማለትም ልክ 90 ዲግሪ፣ አይደለም። ይህን ታችም መሀልም ስፒከሩ ራስ ዘንድም ለካ፣ ልስን ላይና ታች አንድ አይሆንም። ቱምቢ ካለህ ከላይ አንጠልጥለህ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን እይ። እኔ ጋ ግራው ማዕዘን ታች ገጥሞ ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይከፍታል፤ የድሮ ድንጋይ ቤት ስለሆነ አልገረመኝም።

ያንተ ቤት ሌላም ችግር አለበት፣ ፎቶው ላይ ይታያል፤ ግድግዳው ግርጌ የተለጠፈው ዞኮሎ። የሴራሚኩ ዞኮሎ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ሳጥኑ እሱን ሲነካ ከዚያ በላይ ያለው ቁመት በሙሉ በአንድ ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። ሳጥኑን ግን በመጋዝ እንዳትነካው፣ የአጎትህ ማስታወሻ ነው፣ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ከዞኮሎው በላይ ግድግዳው ላይ የዞኮሎውን ውፍረት የምታህል ጠፍጣፋ እንጨት፣ ስፒከሩ ጠርዝ በሚያርፍበት መስመር ላይ፣ ከታች እስከ ክዳኑ ከፍታ አስመታ። በግድግዳው ቀለም ከቀባኸው አይታይም። የራስህ ቤት ስለሆነ ዞኮሎውን እዚያ ጋ ብቻ ማስነሳትም ትችላለህ፤ እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ።

መድፈኛውን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ ስላባከንኩበት ዘርዘር ላድርገው። መጀመሪያ የገዛሁት ለመስኮት የሚሸጠውን ጀርባው ማጣበቂያ ያለው ስስ ስፖንጅ ነበር። ሲለጠፍ ያምራል። ግንቦት ሲገባ ሙጫው ቀለጠ፣ ስፖንጁ ተንሸራቶ ወረደ፣ ኖራው ላይ ቡናማ መስመር ጥሎ ሄደ። በዚያ ላይ አየር ያሳልፋል፤ አፍህ ላይ አድርገህ ብትነፋበት ትንፋሽህ በወዲያ በኩል ይወጣል፣ ትንፋሽህን የሚያሳልፍ ደግሞ ባስን አያቆምም። የፍራሽ ስፖንጅም ያው ነው። ቀጥሎ ፍሪጅ ከሚጠግን ሰው የአሮጌ ፍሪጅ በር ጎማ አመጣሁ፤ አየር አያሳልፍም፣ ግን ስለሚጠነክር ያልተስተካከለ ልስን ላይ አይተኛም። ግድግዳህ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ ይሠራልሃል።

መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ኤሲ የሚገጥሙ ልጆች የመዳብ ቱቦውን የሚያለብሱበት ጥቁር ስፖንጅ ነው። ድሬ ውስጥ ኤሲ የሚገጥም ሰው ፈልገህ አታጣም፣ ቁርጥራጩንም በርካሽ ይሰጡሃል። ውስጡ የተዘጉ ጥቃቅን አረፋዎች ስለሆነ ትንፋሽ አያሳልፍም፣ ሙቀትም ይችላል፣ የተሠራው ለዚያ ነውና። በርዝመቱ በምላጭ ትሰነጥቀውና ሳንቃው ጠርዝ ላይ እንደ ልብስ ታለብሰዋለህ፤ ሙጫ አያስፈልገውም፣ ከግድግዳው ጋር ሲጫን ራሱን ይይዛል። ውፍረቱን ከሰፊው ክፍተትህ የሚበልጥ ምረጥ፣ ተጨምቆ ክፍተቱን እንዲሞላው። ቀለምህም አይፋቅም፤ የፈራኸው እሱን ነበርና። የእኔው ከተገጠመ ስምንት ዓመት አልፎታል፣ አንዴ ብቻ ነው የቀየርኩት።

ከዚያ ስፒከሩን ከፊት ሆነህ ወደ ጥጉ ግፋው፣ በጉልበት ሳይሆን በክብደት። ሴራሚክ ላይ እየተንሸራተተ ይመለሳል፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠህ ከፊት እግሮቹ ሥር አድርግ። እኔ ከፊት በኩል በስስ እንጨት ትንሽ ከፍ አድርጌ ራሱ ወደ ኋላ እንዲደገፍ አደረግኩት፤ የላይኛው ክፍተት ያኔ ነው ልክ የገባው።

የግድግዳው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ድንጋይና ልስን ያለው ብሎኬት ጥሩ ነው፣ አይነቃነቅም። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ግድግዳው ራሱ ይርገበገብና ባሱን ይበላዋል፤ እጅህን አሳርፈህ ብትነካው ይሰማሃል። ሌላው የግድግዳው ርዝመት ነው። ከማዕዘኑ ተነስቶ 1 ሜትር ከ20 ያህል በር ወይም ሰፊ መስኮት የሌለበት ግድግዳ ቢኖርህ መልካም ነው። በቀኝህ ያለው በር ለጥጉ በጣም የቀረበ መሰለኝ። ከሆነ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ከጀርባው በአግዳሚ እንጨት አጠንክረህ እንደ ግድግዳ ቅጥያ ማቆም ትችላለህ፤ ስስ ሳንቃ ግን አታቁም፣ ከበሮ ሆኖ ይጮህብሃል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖር ወዳጄ ከዚህ የባሰ ችግር ነበረበት። ግድግዳው እንደ አለት ነው፣ ግን ማዕዘኑ በየዓመቱ ኖራ ከመቀባቱ የተነሣ ክብ ሆኗል፣ ስኳድራ የሚባል ነገር የለውም። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ግድግዳውን መጥረብ አይታሰብም። ሁለት ወፍራም ሳንቃ በ90 ዲግሪ አጋጥሞ የራሱን ማዕዘን ሠራ፣ ስፒከሩን እሱ ውስጥ ደፍኖ አቆመው። ቤቱ አንድ ሚስማር አልተመታበትም፣ ባሱ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል፤ ይህን ስል እውነቴን ነው።

ደፍነህ ስትጨርስ የምትሰማው ለውጥ የድምፅ መጠን ብቻ አይደለም። ባስ ጊታሩ ከክር ወደ ክር ሲሄድ ትለየዋለህ፣ የከበሮው ቆዳ ይሰማሃል። ድምፅ ካነሳህ በኋላ የቺፕውድ ኮርኒሱ ወይም የመስኮቱ መስታወት ሊያንዘረዝር ይችላል፤ እሱ የስፒከሩ ጥፋት አይደለም፣ በየተራ እየያዝክ አጥብቀው። መቀመጫህንም ከሳሎኑ መሀል አውጣው፤ በክፍሉ ርዝመት ልክ የሚቆመው ዝቅተኛ ሞገድ መሀል ላይ ይደክማል፣ ወደ ኋላ ብትጠጋ ይመለሳል። ሁሉንም አድርገህ አሁንም ከሳሳ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አገላብጠህ ሞክር፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው የሚስብ ከሆነ ባሱን እርስ በርስ ያጠፋሉ። ይህን እንዲያውም ከሁሉም በፊት ሞክረው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሁለቱንም ማዕዘን ከላይ፣ ከመሀልና ከታች የለካኸውን፣ እንዲሁም በሩ ከጥጉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ጻፍልኝ፤ የስፖንጁን ውፍረት ከዚያ ተነስቼ እነግርሃለሁ። ቁራጩ እኔ ጋ ተርፏል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከዚራ ከመጣህ ውሰደው፣ የእኔንም አብረን እንሰማለን።