በማዕተቤ ክር ላይ የቶርን መዶሻ አንጠለጠልሁ፤ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮፐንሃገን ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ጄትሮ ተል የሚባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ እወዳለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሮክፍሎተ» የተሰኘ አልበም ስለ ጥንታውያን የሰሜን አውሮፓ አማልክት፣ ስለ ኦዲንና ስለ ቶር የሚናገር ነው። ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ እሰማዋለሁ። በዚያው ሰሞን ትንሽ የብር የቶር መዶሻ ገዛሁ፤ የእንጨት መስቀሌ ተሰብሮ ስለ ነበር በማዕተቤ ክር ላይ አንጠለጠልሁት። ባለቤቴ ስታየው «የአሕዛብ አማልክት ሁሉ አጋንንት ናቸው ተብሎ የለምን?» ብላ ተቆጣች፤ ሙዚቃውንም ጨምሬ እንድተው ነገረችኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመዶሻው ነገር ባለቤትህ ትክክል ናት፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። በሙዚቃው ነገር ግን ጥቂት እንነጋገር።

ጥያቄህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያስገረመኝ የባንዱ ስም ነው። ጄትሮ ማለት የሙሴ አማት ዮቶር አይደለምን? በእርግጥ ስሙን የወሰዱት በ18ኛው መቶ ዘመን ከታወቀ፣ ዘር የሚዘራ መሣሪያ ከሠራ እንግሊዛዊ ገበሬ ነው። ቢሆንም ዮቶር ለነገራችን ይጠቅመናል። የምድያም ካህን ነበር፤ ሙሴ ግን ሕዝቡን በሺህ፣ በመቶ፣ በኀምሳና በዐሥር አለቆች እንዲያስተዳድር የሰጠውን ምክር ከምድያም መጣ ብሎ አልናቀውም።

አልበሙን ሰማሁት። የመጀመሪያው ዘፈን አንዲት ሴት በአይስላንድኛ ስታነብ ይጀምራል፤ ንባቡ ስለ ዓለም መፈጠርና መጥፋት ከምትናገር ጠንቋይ ሴት ጥንታዊ ግጥም የተወሰደ ነው። ይህ ግጥም በጽሑፍ ያለን በ13ኛው መቶ ዘመን አይስላንድ ውስጥ በብራና ስለ ተጻፈ ነው። አይስላንድ ደግሞ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። እንግዲህ ብራናውን ፍቀው፣ ቀለሙን በጥብጠው የኦዲንን ተረት ለትውልድ ያስተላለፉት የተጠመቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። የአያቶቻቸውን ነገር ጻፉት እንጂ አላመለኩትም።

የባንዱ መሪ ኢያን አንደርሰንም ቢሆን፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ፍሉት የሚነፋው ማለቴ ነው፣ ለኦዲን መሠዊያ አላቆመም። በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች የተነሣ ነበር፤ በገና ሰሞንም በእንግሊዝ ካቴድራሎች ውስጥ እየተጫወተ ለሕንጻዎቹ መጠበቂያ ገንዘብ ያሰባስባል። የቆየ ጽሑፍ አንሥቶ ግጥም መግጠም የሰውየው ሙያ ነው።

ባለቤትህ የጠቀሰችው ቃል በመዝሙር 95 ያለ እውነተኛ ቃል ነው። ነገር ግን የጣዖትን ስም መስማትና ጣዖትን ማምለክ አንድ አይደሉም። በቤተ ክርስቲያን ዳጎን በታቦቱ ፊት በግምባሩ ተደፍቶ፣ ራሱና እጆቹ ተቆርጠው መገኘቱ ሲነበብ ጆሮአችንን አንደፍንም። ቅዱስ ጳውሎስ ከማልታ ወደ ሮም የሄደበት መርከብ የዲዮስቆሮስ ምልክት ነበረበት፤ የሁለቱ መንትያ የግሪክ አማልክት ማለት ነው። ሐዋርያው ምልክቱን አይቶ «አልሳፈርም» አላለም። ቅዱስ ባስልዮስም ወጣቶችን ሲመክር የአረማውያንን ድርሰት እንደ ንብ እንዲቀስሙት ነግሯቸዋል፤ ንብ በአበባው ሁሉ ላይ አታርፍም፣ ያረፈችበትንም ሙሉውን አትወስድም።

አንተም ቀስመህ ከሆነ አንድ ነገር ሳታስተውል አልቀረህም። በእነዚህ ተረቶች መጨረሻ አማልክቱ ይሞታሉ። ኦዲንን ተኩላ ይውጠዋል፤ ቶር እባቡን ይገድልና ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ በመርዙ ይወድቃል። በመዝሙር 81 «እንደ ሰው ትሞታላችሁ» የተባለውን አስታወሰኝ። የገዛ አማልክቱን ሞት የሚተርክ ሕዝብ ምን ያህል ተስፋ ቆርጦ ይሆን?

«ዘፋኝነት» የሚለውን የገላትያ 5 ቃል ደግሞ አንዱ ይጠቅስብህ ይሆናል። በግሪኩ ቃሉ ኮሞይ ነው፤ ከመጠጥ በኋላ በሌሊት እየጨፈሩ በየመንገዱ መዞርን፣ ስድ ፈንጠዝያን ያመለክታል። በባቡር ተቀምጦ ፍሉት መስማት ይህን አይመስለኝም። ሆኖም ዓለማዊ ዜማን ጨርሶ የሚከለክሉ አባቶች አሉ፤ የንስሐ አባትህ ከእነርሱ አንዱ ከሆኑ የእኔን መልስ ይዘህ አትከራከራቸው። ነፍስህን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ መዶሻው። በምትኖርበት ከተማ፣ በዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ፣ በ10ኛው መቶ ዘመን የነበረ አንድ አንጥረኛ የሠራበት የድንጋይ ቅርጽ ማውጫ አለ። በዚያው በአንዱ ድንጋይ ላይ የመስቀልም የቶር መዶሻም ቅርጽ ተፈልፍሎበታል። አንጥረኛው ለክርስቲያኑ መስቀል፣ ለአረማዊው መዶሻ እያቀለጠ ያፈስስ ነበር። ነጋዴ ነውና አይፈረድበትም። ገዢው ግን በአንገቱ የሚያስረው የማን እንደ ሆነ የሚያሳውቅበትን ነበር። መዶሻው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ቶር ይጠብቀኛል ያለ ሰው የሚይዘው ነበር።

ማዕተብህ ደግሞ በአርባ ቀንህ ስትጠመቅ የታሰረልህ ነው። አንተ ሳትናገር «ይህ የክርስቶስ ነው» የሚልልህ ክር ነው። መስቀሉ ቢሰበር ክሩ ብቻውን ይበቃህ ነበር፤ ባዶ ክር አያሳፍርም። በመስቀሉ ቦታ መዶሻ ሲገባ ግን ክሩ ሌላ መናገር ይጀምራል። በልብህ ቶርን እንዳላመንህ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ልጅህ ቢጠይቅህ ምን ትመልስለታለህ? ዛሬውኑ ፍታው። ከቤተ ክርስቲያን አዲስ መስቀል ውሰድ፤ ተባርኮ ይታሰርልህ፤ ይህንንም ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። መዶሻውን ለባለቤትህ ስጣትና የፈለገችውን ታድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዴንማርክኛ ረቡዕ «ኦንስዳግ»፣ የኦዲን ቀን ነው፤ ዓርብ «ፍሬዳግ» ደግሞ የሚስቱ የፍሪግ። ስማቸውን ባትፈልግም በየሳምንቱ ትጠራቸዋለህ ማለት ነው። እኛ ሁለቱንም ቀን እንጾማቸዋለን። ቢያንስ በእነዚህ ቀናትና በዐቢይ ጾም አልበሙን ተወውና በባቡሩ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ድገም፤ ከቤትህ እስከ ሥራህ ባለው መንገድ የዕለቱ ሳያልቅልህ አይቀርም።