ካርዱ አለ፣ ስክሪኑ ጨለመ፦ ሊኑክስና ባለሁለት ግራፊክስ ላፕቶፖች

የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ላፕቶፓችሁ ውስጥ ሁለት ግራፊክስ (ምስል የሚሠራ ክፍል) አለ፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ጭናችኋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ነገር ራስ ምታት ሆኗል። ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው ሲነበቡ በሚሰሙት ድምፅ ነው፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የኢንቴልና የኤንቪዲያ ግራፊክስ አብረው ያሉበት ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ዓይነት) ጫንኩ። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርጄ በተርሚናል ጫንኩት። ሪስታርት ሳደርገው ጥቁር ስክሪን ብቻ። ፎርማት አድርጌ እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። እኔ የምፈልገው ሁሉም ነገር በኤንቪዲያው እንዲሠራ ነው፣ ገንዘቤን ያፈሰስኩት ለሱ ነዋ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፎርማት ማድረጉን ተው። ያንኑ ፋይል መልሰህ እስከጫንክ ድረስ ያው ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቅህ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽቦው ነው። በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ነው። ኤንቪዲያው ወደ ስክሪኑ የሚወስድ የራሱ መስመር የለውም። ጌም ስትከፍት ምስሉን ኤንቪዲያው ይሠራና ለኢንቴሉ ያቀብለዋል፣ ኢንቴሉ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ኦፕቲመስ ብሎ ይዞት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስለዚህ «ሁሉም በኤንቪዲያ ይሁንልኝ» ብትልም ምስሉ መጨረሻ ላይ በኢንቴሉ በኩል ማለፉ አይቀርም። የምታተርፈው የባትሪ ማለቅና የፋን ጩኸት ነው። ባዮሱ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለው ማስተካከያ) ውስጥ ስክሪኑን ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው የሚያዞር ማብሪያ ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ በእነሱ ላይ ጉዳዩ ይለያል። ያንተ ግን ያ ያለው አይመስለኝም፣ ቢኖረው ኖሮ ከድራይቨሩ በፊት እሱን ነበር የምትነግረኝ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን። ከድረ ገጽ የሚወርደው የኤንቪዲያ ፋይል መጨረሻ ላይ የስክሪን ማዋቀሪያ ፋይል ልጻፍልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልከው ኤንቪዲያውን ብቻ የሚያውቅ ፋይል ይጽፋል። ኤንቪዲያው ላይ የተሰካ ስክሪን ግን የለም። እንግዲህ ምን ይታይ? በዚያ ላይ ከድረ ገጽ የወረደው ድራይቨር ከኡቡንቱ የፓኬጅ አስተዳዳሪ (ፕሮግራሞችን ከሚጭነው ክፍል) ጀርባ ዞሮ ስለሚገባ ሲስተሙ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በተለወጠ ቁጥር ሊበላሽ ይችላል። ከድረ ገጽ ድራይቨር ማውረድ የዊንዶውስ ልማድ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ከስርጭቱ ከራሱ ነው የሚወሰደው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለማዳን እንዲህ አድርግ። ላፕቶፑ ሲነሳ «ሺፍት» ወይም «ኢስኬፕ» ተጫንና የግራብን (የማስነሻውን) ሜኑ አምጣ። የኡቡንቱው መስመር ላይ ቆመህ «ኢ» የሚለውን ፊደል ጫን። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልግና ጫፉ ላይ ክፍት ቦታ ትተህ «ኖሞድሴት» ብለህ ጻፍ። ከዛ ኮንትሮል እና ኤክስ። ስክሪኑ ደብዘዝ፣ ሰፋ፣ ቀርፈፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ አትደንግጥ። ይህ ለዚህች አንድ ማስነሻ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሠራልኝ ብሎ ቃሏን እዛው ለዘለቄታው ይተዋታል። እሷ እያለች ግን የኢንቴሉም ድራይቨር አይነሳም፣ ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እየተንገታገተ ነው የሚሠራው። ሴቲንግ ገብተህ የግራፊክሱ ስም «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል ከሆነ ያለህበት ቦታ ይኸው ነው።

ከገባህ በኋላ «ሱዶ ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል» በል፣ ከድረ ገጹ የመጣው ይወጣል። ቀጥሎ «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ኤክስ11» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ኤክስኦርግ ዶት ኮንፍ» የሚባል ፋይል ካለ ስሙን ለውጠህ አስቀምጠው። ከዛ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል»። ለካርድህ የሚስማማውን ራሱ መርጦ ይጭናል። ተርሚናል ካስጠላህ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው ገጽ ላይ ያው ነገር በማውስ አለልህ። የሚመከረው ላይ ምልክት አድርግበትና በቃ።

ሰዎች ብዙ የሚሰናከሉት ሴኪዩር ቡት ላይ ነው። እሱ ላፕቶፑ ሲነሳ የሚሠራ የደህንነት ጥበቃ ነው፤ ከበራ ፊርማ የሌለውን የከርነል ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚሰካውን የድራይቨር ክፍል) አያስገባም። ኡቡንቱ አስቀድሞ የተፈረመ ሞጁል ካለው ምንም ሳይጠይቅህ ያልፋል። ሞጁሉ እዚያው ላፕቶፑ ላይ የሚገነባ ከሆነ ግን በመጫኛው መሃል ፓስወርድ አስገባ ይልሃል። ይህ የመግቢያህ ፓስወርድ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠቀምበት ነው፣ ቀላል ይሁን። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ብዙ አይቆይም፣ አሥር ሰከንድ ነው፣ ቡና ልትቀዳ ከተነሳህ አመለጠህ። ማንኛውንም ቁልፍ ጫን፣ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን ምረጥ፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ከዛ ያቺን ፓስወርድ። ስትጽፍ ምንም ነገር ላይታይህ ይችላል፣ እየጻፍክ ነው፣ ቀጥል። ካመለጠህ ሲስተሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፣ ድራይቨሩ ግን አይሠራም። «ጫንኩት፣ አልሠራም» የሚል ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰማያዊውን ገጽ አይተሃል?» ብዬ ነው።

በመጨረሻ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብለህ ጻፍ። የካርዱ ስምና የድራይቨሩ ቁጥር ያለበት ሠንጠረዥ ከመጣ ተገላገልክ። ከድራይቨሩ ጋር መነጋገር አልቻልኩም ካለህ ሞጁሉ አልገባም፣ ወደ ሰማያዊው ገጽ ተመለስ። ከዛ «ሱዶ ፕራይም-ሰሌክት ኦን-ዲማንድ» በልና ሪስታርት አድርግ። ዴስክቶፑን ኢንቴሉ ይይዘዋል፣ ኤንቪዲያው ስትጠራው ይመጣል። ኖም በሚባለው በኡቡንቱ መደበኛ ዴስክቶፕ ላይ የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ ስትጫን በዲስክሪት ግራፊክስ ካርድ (ማለትም በኤንቪዲያው) ክፈት የሚል ምርጫ ታያለህ። መጥሪያው ያ ነው። ገንዘብህም ቢሆን ሥራ ላይ የሚውለው እዚያ ነው፣ አሳሽና የጽሑፍ ማዘጋጃ ኤንቪዲያ አይፈልጉም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትፈልግ ኤንቪዲያውን የሚጠራ «በምብልቢ» የሚባል ፕሮግራም ጫን የሚሉ ያረጁ መመሪያዎች ያጋጥሙሃል። እለፋቸው። በጊዜው ትልቅ ባለውለታ ነበር፣ ያኔ ኤንቪዲያ ራሱ ምንም ስላልሰጠ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ለኤንቪዲያ የመሃል ጣቱን ያሳየውም ስለዚሁ ስለ ኦፕቲመስ ተጠይቆ ነው። በምብልቢ በ2011 ደግሞ የመጫኛ ስክሪፕቱ ውስጥ በገባች አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ምክንያት የሰዉን «ዩኤስአር» ፎልደር (ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን) እንዳለ ጠርጎ አጥፍቶ ያውቃል። አሁን ግን ጊዜው አልፎበታል። በ2019 ኤንቪዲያ 435 ቁጥር ድራይቨር ላይ ይህን የመጥራት ሥራ ራሱ አስገብቶታል።

ጥያቄ፦ እኔ ጌም አልጫወትም። ኤንቪዲያው ከላፕቶፑ ጋር አብሮ መጣ እንጂ ፈልጌው አይደለም። ድራይቨሩ ይሠራል፣ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ይሞቃል። ካርዱ እንደሚተኛ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ እንዲያውም መፍትሔሽ ቅርብ ነው። መቼም የማትፈልጊው ከሆነ «ሱዶ ፕራይም-ሰሌክት ኢንቴል» በይና ሪስታርት አድርጊ። ኤንቪዲያው ከነድራይቨሩ ከጨዋታ ይወጣል። ኤችዲኤምአይ መሰኪያሽ ግን አብሮ ሊሞት ይችላል፣ ከታች ባለው መልስ ላይ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ።

አልፎ አልፎ እፈልገዋለሁ ካልሽ ኦን-ዲማንድ ላይ ተዪውና መተኛቱን አጣሪ። ማጣሪያው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ሁሉ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ብሎ ያያል፣ ካርዱ ነቅቶ ያገኘዋል፣ ይበሳጫል። ያነቃው ያው ትዕዛዝ ነዋ! ትክክለኛው መንገድ «ሲስ» ፎልደር ውስጥ፣ በካርዱ የፒሲአይ አድራሻ (ሲስተሙ ካርዱን በሚያውቅበት ቁጥር) ስር «ፓወር» የሚለው ውስጥ ያለውን «ረንታይም ስታተስ» የተባለ ፋይል ማንበብ ነው። ይህ ካርዱን አይቀሰቅሰውም። «ሰስፔንድድ» ካለ ተኝቷል። «አክቲቭ» ካለ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ሆኖ ሙቀት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ወይም የተሰካ ሁለተኛ ስክሪን ነው።

የካርዱ ትውልድም ይወስናል። ራሱን ችሎ ሙሉ በሙሉ የመጥፋት ችሎታ የመጣው ከቱሪንግ ጀምሮ ነው፣ ማለትም ጂቲኤክስ 16 እና አርቲኤክስ 20 ከሚባሉት። ከዛ በፊት ያሉት ሥራ ባይኖራቸውም ትንሽ ትንሽ እየጠጡ ይቀመጣሉ። ለእነሱ የኢንቴሉን ብቻ መምረጥ የተሻለ ነው።

«ታዲያ ድራይቨሩን አጥፍቼ ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ኑቮ የሚባል ድራይቨር ልጠቀም?» ብለሽ ይሆናል። ይቻላል፣ ስክሪን ያወጣል፣ ሥራም ያሠራል። ነገር ግን ጂቲኤክስ 900 ከሚባለው ትውልድ ጀምሮ ኤንቪዲያ የተፈረመ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ስለሚጠይቅ ኑቮ የእነዚያን ካርዶች ፍጥነት ከፍ ማድረግ ሳይችል ብዙ ዓመት ቆይቷል። ኤንቪዲያን ለኃይሉ ብሎ ለያዘ ሰው አይሆንም፣ ላንቺ ግን ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሥራ ላይ የምጠቀምበት ላፕቶፕ ኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1050 ነው። ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። ሰሞኑን ሲስተሙ ራሱን አፕዴት ካደረገ በኋላ ከውጭ የምሰካው ስክሪን ጠፋ፣ የላፕቶፑ ግን ደህና ነው። ገመዱን ቀይሬ አይቻለሁ።

መልስ፦ ገመዱ አይደለም፣ አያስቡ። በብዙ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው፣ የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ደግሞ ከኢንቴሉ ጋር። የውጭው ስክሪን ጠፍቶ የውስጡ ከሠራ ኤንቪዲያው ድራይቨር አጥቷል ማለት ነው።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። አዲስ ከርነል መጥቶ ሞጁሉ ለእሱ አልተገነባ ይሆናል። ለማረጋገጥ ላፕቶፑ ሲነሳ ግራብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይግቡና የድሮውን ከርነል ይምረጡ። ስክሪኑ ከተመለሰ ምክንያቱ ተገኘ። የአዲሱን ከርነል «ሄደርስ» ፓኬጅ (ሞጁሉን ለመገንባት የሚያስፈልገውን) ይጫኑ፣ ድራይቨሩንም እንደገና ይጫኑት። ፌዶራ የሚባለውን ስርጭት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሞጁሉ ከአፕዴት በኋላ ከጀርባ ሆኖ ነው የሚገነባው፣ ወዲያው ሪስታርት ካደረጉ ሳይጨርስ ይቆረጣል። ጥቂት ደቂቃ ይታገሱት።

ሁለተኛው የካርዱ ዕድሜ ነው። የርስዎ ፓስካል የሚባለው ትውልድ ነው። ለማክስዌል፣ ለፓስካልና ለቮልታ ኤንቪዲያ የሚሰጠው የመጨረሻው የድራይቨር መስመር 580 ነው። ከዛ በላይ ያለው አያውቃቸውም። አፕዴቱ ከ580 በላይ ወስዶዎት ከሆነ ተመልሰው 580ን ይምረጡ። ሌላም ነገር አለ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ኮዱን ክፍት ያደረገው የከርነል ሞጁል ከቱሪንግ በታች አይሠራም። የድራይቨሮቹ ዝርዝር ላይ ስሙ በ«ኦፕን» የሚያልቀውን አይንኩት፣ ያለ እሱ ያለውን 580 ይውሰዱ። አርቲኤክስ 50 የያዘ ሰው ግን በተቃራኒው ነው፣ ለሱ የሚሠራው «ኦፕን» ያለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ላይ ስክሪኔ ብልጭ ድርግም ይላል። በአሮጌው በኤክስ11 ላይ ደህና ነው። ድራይቨሬ 535 ነው።

መልስ፦ ወደ 555 ወይም ከዛ በላይ ውጣ። በ2024 የወጣው 555 «ኤክስፕሊሲት ሲንክ» የሚባለውን (ካርዱና ዴስክቶፑ ምስሉ እስኪያልቅ እንዲጠባበቁ የሚያደርገውን) ስላስገባ ብልጭታው በአብዛኛው ይጠፋል፣ ዴስክቶፕህም የቅርብ ጊዜ ስሪት ከሆነ። እስከዛ ድረስ የመግቢያው ገጽ ላይ ያለውን ባለጥርስ ማርሽ የሚመስል ምልክት ተጭነህ ኤክስ11ን ምረጥ።

ጥያቄ፦ የኔ ሁለቱም ኤኤምዲ ናቸው። ምን ልጫን?

መልስ፦ ምንም። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ የቀረው ሜሳ በሚባለው የሊኑክስ ግራፊክስ ፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ። ጌሙን በትልቁ ካርድ ለመክፈት ከትዕዛዙ ፊት «ዲአርአይ ፕራይም» በትልልቅ ፊደል፣ በመሃላቸው ከታች ሰረዝ ያለበት፣ እኩል ይሆናል 1 ብለህ ጻፍ።