«ግሩፑ ላይ አቁሜያለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ግን አጨሳለሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ከደብረ ብርሃን ኮምቦልቻ ጭነት አይሱዙ እነዳለሁ። በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራ አይበቃኝም። ቤተሰቦቼ የመንዝ ሰዎች ናቸው፤ ለእናቴ ሲጋራ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። ስለዚህ ተደብቄ ነው የማጨሰው። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ግን አውርተንበት አናውቅም። ሲጋራ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አግኝቼ በሌላ ስም ገባሁ። በጣም ጠቅሞኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሸዋ ሮቢት ከጓደኞቼ ጋር ጫት እየቃምን አንድ ፍሬ ለኮስኩ። በዚያው አገረሸብኝ። ግሩፑ ላይ አሁንም በየቀኑ «ዛሬም አላጨስኩም» ብዬ እጽፋለሁ። «ጀግና!» ሲሉኝ ይበልጥ ያመኛል። ሳልም አልተወኝም። ከግሩፑ ልውጣ ወይስ ልቆይ? ለመሆኑ በስልክ ሲጋራ ማቆም ይቻላል?

መልስ፦ ከግሩፑ አይውጡ። ዛሬ መኪናውን አቁመው ሲያርፉ ስልክዎን ያንሡና እውነቱን ይጻፉ። «ሸዋ ሮቢት ላይ አጨስኩ። ከዚያ ወዲህም እያጨስኩ ነው። አፍሬ ነው የደበቅኳችሁ።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ይህን የምልዎ ስለ ውሸት ልቆጣዎ ፈልጌ አይደለም። ውሸቱ ከግሩፑ የሚያገኙትን ጥቅም ስለዘጋብዎ ነው። እስከ ዛሬ ከእናትዎ ተደብቀው ነው ያጨሱት። ከባለቤትዎ ጋርም ነገሩን በዝምታ ይዛችሁታል። ሳይደብቁ የሚናገሩበት አንድ ቦታ ቢያገኙ ያ ግሩፕ ነበር። አሁን እዚያም መደበቅ ጀመሩ። ሱስ ደግሞ ድብቅ ቦታ ይመቸዋል።

እዚያ ያሉት ሰዎች አይደነግጡም። አብዛኛው አጫሽ በአንድ ሙከራ አያቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች የሚሳካላቸው 4 ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎን ጽሑፍ የሚያነቡት አብዛኞቹ አንድ ቀን አገርሽቶባቸዋል። ምናልባትም እንደ እርስዎ እያጨሰ «አላጨስኩም» የሚል ሌላ ሰው እዚያው አለ። የእርስዎ መናገር እሱንም ይገላግለዋል።

በስልክ ማቆም ይቻላል ወይ ላሉት፣ ስልክ በእርግጥ ያግዛል። በእንግሊዝ አገር 5,800 ያህል አጫሾች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ግማሾቹ ሲጋራ ለማቆም የሚያግዝ አጭር መልእክት በስልካቸው በየጊዜው ይላክላቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ምራቃቸው ሲመረመር፣ መልእክቱ ከደረሳቸው 100 ሰዎች 11 ያህሉ አቁመው ተገኙ። መልእክቱ ካልደረሳቸው ግን 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ትንሽ አይደለም። ያም ሆኖ ስልኩ ብቻውን ለብዙ ሰው አልበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕክምና መመሪያም የስልክ መልእክትና መተግበሪያ እንደ ተጨማሪ እርዳታ ተቀምጠዋል። ምክርና መድኃኒትም አሉበት።

ግሩፑ የሚጠቅመው ሐራራው ሲመጣ ነው። ሐራራ አብዛኛውን ጊዜ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ይጨምራል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። እነዚያን ደቂቃዎች የሚያሳልፍዎ አንድ ሰው ከተገኘ ሲጋራዋ ሳትለኮስ ታልፋለች። ስለዚህ አጭሰው ከጨረሱ በኋላ ሳይሆን ሳይለኩሱ በፊት ይጻፉ። «አሁን ሊያቅተኝ ነው» ይበሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ነቅቶ የሚመልስ አይጠፋም። ይህን ከጎረቤትም ከዘመድም አያገኙትም፤ ሐኪምዎም በዚያ ሰዓት ተኝቷል።

ያላጨሱበትን ቀን እየቆጠሩ በየዕለቱ መጻፉን ግን እኔ ብዙ አልወደውም። ለአንዳንዱ ሰው ብርታት ይሆነዋል። ለሌላው ግን አንዲት ፍሬ ሲጋራ «በቃ ሁሉም ጠፋ፣ ከዜሮ ጀመርኩ» ታሰኘዋለች። ከዚያ ፓኬቱን ይጨርሰዋል። አንድ ፍሬ ያጨሰ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያረፈው ሳንባው አልጠፋበትም። በሁዳዴ የምናየውም ነገር አለ። 55ቱን ቀን ሲጋራ ሳይነካ የሚጾም ሰው ለፋሲካ ይለኩሳል። ኒኮቲን ሲቀር የሚመጣው ዋናው ሕመም እኮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይብሳል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም ይቀላል። ስለዚህ ፋሲካ ላይ የሚያስለኩሰው የሰውነት ጥያቄ አይደለም። ከመጀመሪያውኑ ማብቂያ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር ነው። ሦስተኛ ሳምንትዎ ላይ የወደቁት እርስዎም አስቸጋሪውን ጊዜ አልፈውት ነበር። የጣለዎት ጫቱ ነው።

ስለ ጫቱ ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። ጫት እየቃሙ ሲጋራውን ብቻ ላቁም ማለት እጅግ ከባድ ነው። ምርቃናው ሲጋራ ይጠራል። ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለማብረድ፣ ቢራ ሲያዝዙ ደግሞ እንደገና ይጠራል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ምሳ በልተው ይለፉ። ጓደኞችዎ ቅር ይላቸው ይሆናል። ቅር ይበላቸው።

አሁን ወደ ጋቢናው። እርስዎ ብዙ የሚያጨሱት መሪ ይዘው ነው። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ሐራራ ሲይዝዎ ቴሌግራም መክፈት አይችሉም፤ ለመክፈትም እንዳይሞክሩ። ግሩፑ በጣም በሚፈልጉት ሰዓት ከእጅዎ የለም። እዚያ ያለው ረዳትዎ ነው። «አንድ ፍሬ አምጣልኝ ብልህም እንዳታመጣልኝ» ብለው ዛሬውኑ ይንገሩት። ላይተሩን ከጋቢና ያውጡ፤ የአመድ ማስቀመጫውን ያጥቡና ቆሎ ወይም ማስቲካ ያድርጉበት። ሲጋራ የሚገዙበትን ኪዮስክ ሳይቆሙ ይለፉት። የሚያቆሙበትን ቀን ሲመርጡ ደግሞ ጭነት የሌለዎትን ሁለትና ሦስት ቀን ይምረጡ። በእነዚያ ቀናት መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መበተን አለ። ይህን ይዞ የሌሊት ጉዞ መውጣት አደጋ ነው።

ቡናዎንም በግማሽ ይቀንሱ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቀር ያው የለመዱት ሦስት ስኒ ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ልብ መምታቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ሰው «ሲጋራ ማቆም አልተስማማኝም» ብሎ ይተረጉመዋል። ቡናው ነው።

የደብረ ብርሃን ሰው «ለብርዱ ነው የማጨሰው» ሲልም እሰማለሁ። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠባል። ጣትዎ ይበልጥ ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞቅም። በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አየሩ በሳሳበት፣ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ግሩፕ ውስጥ «በሦስት ቀን የሚያስቆም መድኃኒት አለኝ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ» የሚል አይጠፋም። አያናግሩት። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄትና ጠብታ ነው የሚሸጥልዎ። ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) እንደ መፍትሔ የሚያቀርብም አለ። እሱም ኒኮቲን ነው፤ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ትክክለኛ መድኃኒት አለ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን፣ ቡፕሮፒዮን፣ ቫሬኒክሊን ይባላሉ። በየፋርማሲው ላይገኙ ስለሚችሉ ቀድመው ያጠያይቁ። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም፤ ጫት እንደሚቅሙም ለሐኪሙ ይንገሩት። እዚህም መደበቅ የለም።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ንግግሩን እርስዎ ይጀምሩት። ታውቃለች ብለዋል። ግሩፑን ያሳዩዋት፤ የሚያቆሙበትን ቀን አብራችሁ ምረጡ። እናትዎ ለጊዜው ባያውቁም ችግር የለውም።

ሳሉን ግን ለነገ አያሳድሩት። ሲጋራ ሲቆም ሳንባ ራሱን ማጽዳት ስለሚጀምር ለጥቂት ሳምንታት ሳል ሊጨምር ይችላል። የእርስዎ ግን እያጨሱ ያለ ሳል ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሄደው የአክታ ምርመራ ያድርጉ፤ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይታይ። ደም ከተቀላቀለበት፣ ሌሊት ካላበዎ ወይም ከከሱ ደግሞ የሚቀጥለውን ጭነት ለሌላ ሹፌር ሰጥተው ዛሬውኑ ይሂዱ።