በ5ኛው ሳምንት ከኤችአይቪ ነጻ ከተባልኩ በቃ ነው?

ያለኮንዶም ከተገናኘህ በ5ኛው ሳምንት በጣት ደም ኤችአይቪ ተመርምረህ ነጻ መባልህ ጥሩ ምልክት ነው፤ የመጨረሻ መልስ ግን አይደለም። ያ ምርመራ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነትህ ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው በደም ውስጥ በቂ እስኪሆን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ያለኮንዶም ከተገናኛችሁበት ቀን ቆጥረህ 3 ወር ሲሞላ እዚያው የተመረመርክበት ሐዋሳ ጤና ጣቢያ ሄደህ ድገመው። በመሃል ሌላ ልቅ ግንኙነት ከሌለና ያኔም ነጻ ከሆንክ፣ አለቀ።

በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመረውን የ28 ቀን መከላከያ መድኃኒት ወስደህ ከነበረ ለሐኪሙ ንገረው፤ የምርመራው ቀን ሊገፋ ይችላል። እስከዚያ ያለኮንዶም አትገናኝ፣ ደምም አትለግስ።

ከደረሰብኝ ልንገርህ፦ ምልክት አትፈልግ። እኔ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ፣ እጢ አብጦ እንደሆነ ብዬ አንገቴን ስጫን እውል ነበር። ማታ ቦታው ያመኛል፤ ሲያመኝ ደግሞ «ያዘኝ» ብዬ ሳልተኛ አነጋለሁ። በየሳምንቱ ክሊኒክ እየቀያየርኩ መመርመሬም ጭንቀቴን አባባሰው እንጂ አልቀነሰልኝም። በመጨረሻ ነጻ ነበርኩ።

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ካጣህ የምርመራውን ቀን አትጠብቅ፤ ነገ ሄደህ የምክር አገልግሎት የምትሰጠዋን ነርስ አናግራት።