ሴሉ የደመቀው ብዙ ስለሠራ ነው ወይስ ስለታፈነ?

«ዊንትለስን ሳጠፋ ዊንግለስ የሚሠሩት ሴሎች ጭራሽ ደመቁ፤ ምርቱ ጨመረ ማለት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አልጨመረም፣ ዊንግለሱ መውጫ አጥቶ ነው። ዊንግለስ ሴል ለጎረቤቶቹ የሚልከው የመልእክት ፕሮቲን ነው፤ ዊንትለስ ደግሞ እሱን ወደ ውጭ የሚያደርሰው ፕሮቲን። እኔም በዚሁ ሁለት ወር ተሸውጃለሁ።

ዊንግለስ ስሙን ያገኘው ክንፍ አልባ ሆና ከተገኘች የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ፕሮቲኑ ገና ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም (ሴሉ ወደ ውጭ የሚልካቸውን ፕሮቲኖች የሚሠራበት ክፍል) ውስጥ እያለ ፖርኩፓይን የሚባል ኤንዛይም ስብ ይለጥፍበታል፤ ፓልሚቶሌይክ አሲድ። ያለ ስቡ ተቀባዩ ሴል በደንብ አይይዘውም። ስቡን ከያዘ ደግሞ ውሃ ይጠላል፣ ያገኘው ሽፋን ላይ ይጣበቃል። እንደ ኢንሱሊን ብቻውን አይወጣም። ዊንትለስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ሴሉ ውስጥ ተቀብሎ እስከ ሴሉ ዳር ያደርሰዋል። ልክ እንደ ታክሲ፣ ጭኖ ያወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። የሚመልሰው ሬትሮመር የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። ሬትሮመር ከተበላሸ ታክሲው ሊሶዞም (የሴሉ ማፈራረሻ ክፍል) ገብቶ ይፈጫል። ዊንትለስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። በዝንቧ እጭ የክንፍ ዲስክ (ኋላ ክንፍ የሚሆነው ትንሽ የሴሎች ከረጢት) ኋለኛ ግማሽ ላይ ብቻ ዊንትለስን አዳከምኩ። ከዚያ እንደለመድኩት ፊክስ አድርጌ (በኬሚካል ባለበት አጽንቼ)፣ ትራይተን በሚባል ዲተርጀንት ሴሉን በስቼ ለዊንግለስ ቀለም ሰጠሁት። የዊንግለስ መስመር (ዊንግለስ የሚሠሩት ሴሎች ሰልፍ) ኋለኛው ግማሽ ላይ ቦግ ብሏል! ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ አሳየኋት። «ውጭ ያለውንስ አይተኸዋል?» አለችኝ። አላየሁም። ያ ዘዴ በአብዛኛው የሚያሳየው ውስጥ ያለውን ነው።

ዲስኩን በሕይወት እያለ በረዶ ላይ አድርጌ፣ ያለ ዲተርጀንት አንቲቦዲ (ዊንግለስን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ሰጠሁት፤ ፊክስ ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። በረዶው ሴሉ አንቲቦዲውን እንዳይውጠው ነው። ፊተኛው ግማሽ ላይ ዊንግለስ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ፈሶ ይታያል። ኋለኛው ግማሽ ጋ ሲደርስ ቀጥ! ጨለማ።

«ታዲያ ዊንግለስ ርቆ መሄዱ ግድ ነው?» ላልሽው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች ዊንግለስን ከሴሉ ሽፋን ጋር አስረው እንዳይንቀሳቀስ አደረጉት። ዝንቦቹ ትንሽ ዘገዩ እንጂ ክንፋቸው ጤነኛ ሊባል የሚችል ነበር። እኔን እስካሁን ያስገርመኛል። ዊንትለስ ሲጠፋ ግን ፕሮቲኑ ሽፋኑ ጋም አይደርስ፤ ስለዚህ ሁለቱን አታምታቺ።

አንድ ነገር፦ ዲስኩ የስኳር ቅንጣት እንኳ አያክልም፣ ፒፔት ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዲስኮቼ ግማሹን የጨረስኩት እንደዚያ ነው። ጫፉን አስቀድመሽ በቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) አርሺው።