ከማየት የሚወለድ አስተያየት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። 34 ዓመት በመሬት ቅየሳ ሥራ አሳልፌ፣ ከጣርማ በር ገደል እስከ መንዝ ሜዳ ችካል ስተክል ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ባህል፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ሥዕልና ስለ ተረት ልመክራችሁ መነሣቴ ከሙያዬ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ከዚያው ከሙያዬ ያገኘሁትን ነው። ቀያሽ በአንድ ስፍራ ቆሞ ማዶ ያለውን ጥድ ቢያነጣጥር የሚያገኘው አቅጣጫውን ብቻ ነው፤ ጥዱ በትክክል የት እንደቆመ የሚያውቀው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዶ፣ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ዳግመኛ ሲያየው ነው። አስተያየት የምንለው ቃልም የወጣው «አየ» ከሚለው ግስ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ነገር አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ነገሩን ቢያንስ ከሁለት ስፍራ እንድታዩት እለምናችኋለሁ።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ስለበደልሁ ነው። ማዕረገ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር የተወለዱ የአገራችን ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ቢላኩም ልባቸው ወደ ሥዕል አዘነበለ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩትን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል እኔ በወጣትነቴ ያየሁት በደበዘዘ ወረቀት ላይ ታትሞ ነበር፤ ያንኑ ይዤም «ቀለሙ በዝቷል፣ ዐይን ያደክማል» እያልሁ ለብዙ ዓመታት ለጓደኞቼ ተናገርሁ። በኋላ ለሥራ ጉዳይ አዳራሹ ስገባ ጊዜው ማለዳ ነበር፤ ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ ሲፈስ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ ደመና ሲጋርደው ሥዕሉ ሌላ ሆነ፤ ደመናው ሲገፈፍም እንደገና ተለወጠ። የመስታወት ሥዕል ግማሽ ሥራው የፀሐይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለዓመታት የነቀፍሁት ሥዕሉን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር፤ ዛሬ መዳፍ በምታህል የስልክ መስኮት ላይ ስለ አንድ ሠዓሊ ዕድሜ ልክ ሥራ ሲፈረድ ሳይ ያ ጥፋቴ ትዝ ይለኛል።

ወደ ስፖርት ስመጣ፣ ከአፈወርቅ ልደት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በተባለች መንደር አበበ ቢቂላ ተወለደ። በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ሩጫው በምሽት ሲያልቅ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ድል የሚጻፈውን ስታነቡ ብዙ ጊዜ የምታገኙት «ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ» የሚል ነው። ይህ አባባል የሚያሳዝን ስለሆነ ይወደዳል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አበበ በባዶ እግሩ መለማመድ የለመደ ሰው ነበር፤ የቀረበለት አዲስ ጫማም እግሩን አልተስማማውምና አስቦ፣ መዝኖ ጫማውን ተወው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለቱን ሩጫዎች አስተያይቶ የተመለከተ ሰው የሚያየው ድኻን ሳይሆን ባለሙያን ነው። በከንፈር መጠጣ የሙያውን ክብር አንቀንስበት።

የባህል ጨዋታችንም እንደዚሁ ነው። ስለ ገና ጨዋታ በሚሠራጩ አጫጭር ምስሎች ላይ የሚታየው የተነሣው ዱላና የሚሮጠው ሰው ነው፤ በዚያው መጠን «ይህ ጠብ እንጂ ጨዋታ አይደለም» የሚል አስተያየት ይከተላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ግን በምስሉ ውስጥ አይገባም። በዓመት አንድ ቀን ሎሌው ሩሯን ተከትሎ ከጌታው ጋር እኩል የሚጋፋበት፣ በግጥምም የሚሰድብበት፣ ጌታውም ቂም የማይዝበት ሥርዓት መኖሩን ሜዳው ዳር ቆሞ ያላየ ወይም ሽማግሌ ያልጠየቀ እንዴት ያውቃል?

ስለ ጥንታዊ ምናባዊ ታሪኮች ብዙ አልልም። ዘንዶና ምትሃት ያለበትን የውጭ ፊልም መውደዳችሁን አልነቅፍም፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን «እኛ እንዲህ ያለ የለንም» ስትሉ ያሳዝነኛል፤ ሕዝብ ይገዛ ስለነበረው ስለ ዘንዶው አርዌ የሚተርከው አፈ ታሪክ የእኛ ነው፣ ታላቁን እስክንድር እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ አድርጎ ጎግና ማጎግን በደጃፍ ሲዘጋባቸው የሚያሳየው የግእዝ መጽሐፍም የእኛ ነው። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ካልመለስን አትጀምርም ነበር፤ አድማጩ መኖሩን ሳታረጋግጥ መናገር አትወድም ነበርና።

ስልካችሁ ግን ይህን አይጠይቅም። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ የሚቆጥሩት ዐይናችሁ የት እንደቆየና ጣታችሁ ምን እንደነካ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ጣትን ያፈጥናል፣ ስለዚህ የሚያስቆጣው ነገር ደጋግሞ ይመጣላችኋል። ይህ ማለት አንድ ሺህ ምስል ብታዩም የቆማችሁት በአንድ ስፍራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በምትጽፉት ነገር ላይ «ይህን ያየሁት የት ቆሜ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ «ስልኬ ላይ ብቻ» ከሆነ ያን ቀን ዝም ብትሉ አትጎዱም።

የእህቴ ልጅ ስለ አፍሪካ አዳራሹ መስታወት የእኔን የጥንቱን አስተያየት በራሱ አፍ ሲደግመው ሰምቼ፣ ባለፈው ዓመት ፈቃድ ጠይቀን አብረን ሄድን። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ካየን በኋላ «ጋሼ፣ እኔ አሁንም ቀለሙ ይበዛል ነው የምለው» አለኝ፤ ቀጥሎም የትኛው ቀለም፣ በየትኛው ክፍል፣ ደመናው ሲመጣ ምን እንደሆነ እያመለከተ አሳየኝ። አልተስማማንም፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ስለዚያው ስንከራከር መጣን።