መልስ፦ በጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ በአሪስቶፋንስ አስቂኝ ተውኔት በ«ሊሲስትራታ»፣ የአቴንስንና የስፓርታን ጦርነት ያስቆመው የሚስቶቹ የአልጋ አድማ ብቻ ነው?

ብቻውን አይደለም። በጥያቄህ እንዳልከው ባሎቹ ሌላ ሴት ጋር መሄድ ይችሉ ነበር፤ ስለዚህ ሴቶቹ ሁለተኛ መንገድም ይዘዋል።

ወጣት ሚስቶች ከባሎቻቸው ጋር ላለመተኛት ሲምሉ፣ አሮጊቶቹ በአቴንስ ኮረብታ ላይ ያለውን ምሽግ፣ አክሮፖሊስን፣ ይይዛሉ። የአቴንስ ግምጃ ቤት እዚያ ነበር። ብር ከሌለ መርከብም ቀዛፊም የለም! ባለሥልጣኑ ገንዘብ ሊያወጣ መጥቶ በሩ ተዘግቶ የሚያገኝበትን ክፍል ደግመህ አንብበው። የሴቶቹ መሪ ሊሲስትራታ «የቤቱን ገንዘብ የምናስተዳድረው እኛ አይደለንም ወይ?» በሚል ሐሳብ ትሞግተዋለች። ለእኔ የተውኔቱ ጉልበት ያለው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ በውይይት ላይ ደጋግሞ ሲያሳስት አይቻለሁ። ተውኔቱን የሴቶች መብት ጥሪ አድርገህ አትጥቀሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 ሲታይ ሴቶቹን ሆነው የተጫወቱት ወንዶች ናቸው። የአቴንስ ሴት በከተማዋ የሕዝብ ጉባኤ ድምፅ አልነበራትም። ሰላም ሲወርድም ሚስቶቹ ከባሎቻቸው ጋር ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሥልጣን የጠየቀ የለም።